«ሊያነሳሽ ነው ወይስ ሊጠብስሽ?»

እንግሊዝኛ የማያጣላው ሰው የለም። ተማሪን ከአስተማሪው፣ ሥራ ፈላጊን ከቀጣሪው ያጣላል። ፍቅረኛሞችን ያጣላ ዕለት ደግሞ ነገሩ ወደዚህ ዓምድ ይመጣል። ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን አሳጥሬ ላካፍላችሁ።

«ዕድሜዬ 24 ነው። ሁለት ዓመት አብረን የቆየን ጓደኛ አለኝ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ቆርጦ ነበር። አንድ ምሽት ሻይ እየጠጣን ሳለ ከፈረንጁ አለቃዬ በሞባይሌ መልእክት ገባ። ‹አይል ፒክ ዩ አፕ ቱሞሮው አት ሰቨን› ይላል። ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ለመስክ ሥራ ስለምንሄድ ነው። ጓደኛዬ አነበበውና ዝም አለ። ከዚያ እንግሊዝኛ አዋቂ ነኝ የሚል ጓደኛውን ጠየቀ። ያም ‹ፒክ አፕ ማለት ሴት መጥበስ ነው› ብሎ አረፈው። በዚያ ላይ ሰባት ሰዓቱን የሌሊት ሰባት አደረጉት! ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኬን አያነሳም። የሽማግሌውም ነገር ቀረ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ አይዞሽ። መጀመሪያ ሰዓቱን እናስተካክል። የፈረንጅ ሰባት በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ሰው ሥራ የሚሄድበት ሰዓት ማለት ነው። አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ።

ያ አዋቂ ነኝ ባይ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ክፋቱ ከደርዘን ትርጉም አንዱን ብቻ መዝዞ ማውጣቱ ነው። «ፒክ አፕ» ሲበዛ ጣጠኛ ቃል ነው። እስኪ እንቁጠረው።

መሬት የወደቀ እስክሪብቶ ብታነሱ «ፒክ አፕ» ነው፤ «ሊፍት» ማለትም ይቻላል። ልጅ ከትምህርት ቤት ሄዶ ማምጣት «ፒክ አፕ» ነው፤ እዚህ ላይ አቻዎቹ «ኮሌክት» እና «ፌች» ናቸው። ክፍል ሳይገቡ ቋንቋ ከሰፈር መቃረም «ፒክ አፕ» ነው፤ «ለርን» ወይም «አኳየር» እንደማለት። ጉንፋን ከሰው መያዝም እንዲሁ፤ አቻው «ካች» ነው። ገበያ ሲደራ «ቢዝነስ ኢዝ ፒኪንግ አፕ» ይባላል፤ «ኢምፕሩቭ» አደረገ ለማለት። ሬዲዮ ራቅ ያለ ጣቢያ ሲይዝ፣ ፖሊስ ተጠርጣሪ ሲይዝ፣ አንዱ ቸር ሰው የሁሉንም ሂሳብ ሲከፍል፣ የተቋረጠ ወሬ ካቆመበት ሲቀጥል፣ ሁሉም «ፒክ አፕ» ነው። ዕቃ የምትጭነዋን ፒክአፕ መኪና እንኳን አልቆጠርኩም።

የሚገርመው፣ እህቴ፣ አንቺም ሳታውቂው ተጠቅመሽበታል። «ስልኬን አያነሳም» ያልሽው በእንግሊዝኛ «ሂ ዳዝንት ፒክ አፕ» ነው!

መጥበሱስ? አዎ፣ እሱም አለ። እንግሊዞች «ቻት አፕ»፣ አሜሪካኖች «ሂት ኦን» የሚሉት ነገር ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በዚህ ትርጉሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለማይተዋወቁ ሰዎች ነው። ቡና ቤት ወይም መንገድ ላይ ያገኛትን ልጅ ይዟት ሄደ ሲባል «ሂ ፒክድ ኸር አፕ» ይላሉ። ወሬውም የሚወራው ለሦስተኛ ሰው ነው። «ነገ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እጠብስሻለሁ» ብሎ ቀጠሮ የሚይዝ ጠባሽ እኔ አላየሁም። እናንተ ካያችሁ ጻፉልኝ።

ደግሞ በእንግሊዝኛ ብቻ አንፍረድ። የኛው «ማንሳት» ምን ያንሰዋል? ዕቃ እናነሳለን፤ ፎቶ እናነሳለን፤ ጥያቄ እናነሳለን፤ የሰው ስም በክፉ እናነሳለን። አንድ ፈረንጅ መዝገበ ቃላት ይዞ ቁጭ ብሎ «እገሌ እገሊትን ጠበሳት» ስንል ቢሰማንስ? ፖሊስ ይጠራ ነበር።

ለምንድን ነው እንግሊዝኛ እንዲህ የሚያደርገው? አንዱ ምክንያት ታሪክ ነው። በ1066 እ.ኤ.አ. ኖርማኖች እንግሊዝን ከወረሩ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የሹማምንት ቋንቋ ሆነ። ከፈረንሳይኛና ከላቲን የመጡት እንደ «ኮሌክት»፣ «አኳየር»፣ «ሪዙም» ያሉት ቃላት የጽሕፈትና የቢሮ ሆነው ቀሩ። እንደ «ፒክ አፕ» ያሉት ደግሞ የቤትና የመንገድ ናቸው። እኛም መጽሐፍ ላይ «ሕፃናት» ብለን ሰፈር ስንገባ «ልጆች» እንል የለ? ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ስትጽፉ «ኮሌክት» ያምራል፤ ለጓደኛ መልእክት ግን «ፒክ አፕ»።

ለእንዲህ ዓይነቶቹ ጥንድ ቃላት «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለውን ስም በ1925 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ላይ ያወጣው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ ነው። ጸባያቸው እንደ ጋብቻ ነው፤ ጎን ያለችው ትንሽ ቃል ከተቀየረች ትዳሩም ይቀየራል። «ፒክ» ብቻውን መምረጥ ነው። «ፒክ ኦን» ሰውን መተናኮል ነው። «ፒክ አውት» ከብዙ መሀል ለይቶ ማውጣት ነው። ሌላም አለ፤ «እኔን» «አንቺን» የሚሉት ቃላት መሀል ይገባሉ። «ፒክ ሚ አፕ» እንጂ «ፒክ አፕ ሚ» አይባልም።

ታዲያ ትርጉሙን በምን እንለይ? በሦስት ነገር። ማን ተናገረው? ለማን ተናገረው? ቀጥሎ ምን አለ? ሰዓትና ቦታ ከተከተለው መጓጓዣ ነው፤ ቋንቋ ከተከተለው መቃረም ነው፤ በሽታ ከተከተለው መታመም ነው።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልናገር። አሜሪካ ውስጥ ወንድ ልጅ ሴት ልጅ እራት ሊጋብዝ ሲመጣም «በሰባት ሰዓት ፒክ አደርግሻለሁ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ማንንም አያስፈርድም፣ ማንንም ነፃ አያወጣም። መጠየቅ ያለበት «ወዴት ነው የምትሄዱት? ከማን ጋር?» የሚለው ነው። ያን የሚመልስ ደግሞ መዝገበ ቃላት ሳይሆን ሰው ነው።

እህቴ፣ ስልኩን ካላነሳ የሚያከብረውን አንድ ሰው፣ ታላቅ ወንድሙን ወይም የነፍስ ጓደኛውን ላኪበት። ሦስታችሁ ባላችሁበት ጉዞው የት እንደነበርና ከነማን ጋር እንደሄድሽ አንድ ጊዜ በግልጽ አስረጂው። አንድ ጊዜ ብቻ! መማልና መገዘት አያስፈልግሽም። ሰምቶ ካመነ እሰየው። ሁሉን ሰምቶ አሁንም የሰው ወሬ ካስበለጠ ግን ችግሩ እንግሊዝኛ አይደለም። እሱን ከሽማግሌው በፊት ማወቅሽ ይሻልሻል።

አንተም ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ ሁለት ዓመት የምታውቃትን ልጅ ትተህ የአንድ ቃል ትርጉም ጎረቤት ለጎረቤት ትጠይቃለህ? እሷን ጠይቃት እንጂ።

ለሌሎቻችሁ አንድ ምክር አለኝ። አዲስ የእንግሊዝኛ ቃል ስታገኙ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ቃል ከጎረቤቶቹ ጋር ሲታይ ነው ጸባዩ የሚታወቀው። ሰውም እንደዚያው ነው።

ቸር እንሰንብት።