«በዓይኔ በብረቱ አየሁ!»



የሻዕባን 29ኛው ምሽት ሲደርስ ዶርማችን ውስጥ የሚነሳውን ክርክር የማያውቅ የለም። አንዱ ከመግሪብ በኋላ ከውጭ ገብቶ «በዓይኔ በብረቱ አየሁ» ይላል፤ ሌላው «ዋሽተሃል» ይለዋል። ጾሙ የሚጀመረው በመጅሊሱ ማስታወቂያ ስለሆነ ክርክሩ ብይን አያመጣም፤ የሚያመጣው ኩርፊያ ነው። እስከ ዒድ የሚዘልቅም አለ። በእኛ እይታ ሁለቱም ስለ ዓይን ያላቸው ግምት ልክ አይደለም። አንዱ ዓይን አይሳሳትም ብሎ ያምናል፤ ሌላው የሌለ ነገር ያየ ሁሉ ውሸታም ይመስለዋል።

መድረሳ የቀራን የአነስ ኢብን ማሊክን (ረዲየላሁ ዐንሁ) ታሪክ ሰምተናል። ዕድሜያቸው ወደ 100 ሲጠጋ ሰዎች ሂላል ሊያዩ ወጡ። እሳቸው «ያቻት!» ብለው ጠቆሙ፤ ሌላ ያየ ግን አልነበረም። በብልሃቱ የሚታወቀው ቃዲ ኢያስ ኢብን ሙዓዊያ ጠጋ ብሎ አያቸው፤ ከቅንድባቸው አንድ ነጭ ፀጉር ታጥፎ ዓይናቸው ላይ ወርዷል። ፀጉሩን አስተካክሎ «አሁንስ?» ቢላቸው «አሁን አትታየኝም» አሉ ይባላል። ኢያስ ሶሐባውን አላስተባበለም፤ የዓይናቸውን ሁኔታ ነው የመረመረው።

ኢያስ ቃዲ በነበረባት በበስራ ከተማ በ965 አካባቢ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም ይህንኑ ጉዳይ በሰባት ክፍል ጻፈበት፤ ኪታቡል መናዚር ይባላል። ብርሃን ከነገሮች ወደ ዓይን እንደሚገባ፣ ማየት ግን በዚያ ብቻ እንደማያልቅ፣ አእምሮ የመጣለትን ቀድሞ ከሚያውቀው ጋር አነጻጽሮ እንደሚፈርድ አስረዳ። ሙሉ ጨረቃ ከባህር ዛፉ ጀርባ ስትወጣ ሰፌድ ታክላለች፤ አናታችን ላይ ስትደርስ ታንሳለች። እጅን ዘርግቶ በትንሿ ጣት ጥፍር መሸፈን ነው፤ በሁለቱም ጊዜ እኩል ትሸፈናለች። ያደገችው እኛው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ኢንጂነሪንግ ለምንማር ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሴንሰር የሚሰጠው ጥሬ ምልክት ነው፤ ትርጉም የሚሰጠው ከኋላ ያለው ስሌት ነው። በአንድ ዓይን ከ100 ሚሊዮን በላይ ብርሃን ተቀባይ ሴሎች አሉ፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ግን አንድ ሚሊዮን ገደማ ክሮች ብቻ ነው ያሉት። ነርቩ ከዓይን የሚወጣበት ቦታ ደግሞ ጭራሽ አያይም። ግን ቀዳዳ አይታየንም፤ አንጎል በግምት ይሞላዋል።

የሚሞላው ደግሞ በለመደው ነው። በሥዕልና በባንዲራ ላይ ጎኗን ሰጥታ የቆመች ጨረቃ የለመደ ሰው ያችኑ ይፈልጋል። እኛ ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምንርቀው፤ አዲስ ጨረቃ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጀልባ ጀርባዋ ላይ ተንጋላ ነው የምትታየው። ሌላም አለ፦ ባዶ ሰማይ ላይ ዓይን የሚያተኩርበት ሲያጣ በራሱ ወደ ቅርብ ያተኩራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሩቅ ያለ ተራራ ጫፍ ማየት ይጠቅማል። በዓይን ውስጥ የሚንሳፈፉ ቀጫጭን ክሮችም ጥላቸው ቅስት ይመስላል። ዓይናችሁን ስታንቀሳቅሱ አብሮ ከሄደ ሂላል አይደለም።

ፉቀሃዎቹ ይህን ሳይገነዘቡት አልቀሩም። በሐነፊ መዝሀብ ደመና ካለ ለረመዳን መግቢያ የአንድ ታማኝ ሰው ቃል ይበቃል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ ግን ብዙ ሰው ማየት አለበት። በጠራ ሰማይ ሁሉም እያየ ለአንድ ሰው ብቻ መታየቷ ያጠራጥራላ! ሰውየው ግን በዚህ ፋሲቅ አይባልም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። በሚቀጥለው 29ኛ ምሽት ስልክ ላይ የሚዘዋወረውን ፎቶ ትተን አብረን እንውጣ። ጨረቃና ፀሐይ በ7 ዲግሪ ገደማ ካልተራራቁ በዓይን አትታይምና ርቀቱን አስቀድመን በስልካችን እናስላ። እያንዳንዳችን ወረቀት ይዘን የት እንዳየናት፣ ቀንዶቿ ወዴት እንደዞሩ ለማንም ሳናሳይ እንሳል። ከዚያ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው። «አየሁ» ያለው ወንድም ወረቀቱ ለብቻው ቢቀር እንኳ የምንጠይቀው እንደ ኢያስ ነው። ደመና ከሆነ ሻዕባንን 30 ሞልተን ወረቀቱን ለሸዋል እናቆየዋለን፣ ኢንሻአላህ።