እግርዎን ያነሳሉ፤ ሞተሩ ግን ይጮኻል

የዚህን ወር ጽሑፍ የምጀምረው ልጄን ይቅርታ በመጠየቅ ነው።

መንጃ ፈቃዷን እንዳወጣች፣ እጇን እንድታፍታታ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ በቤታችን መኪና አብረን መውጣት ጀመርን። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ በቀየረች ቁጥር መኪናው ወደፊት ዘለል ይላል። እግሯን ከነዳጅ መስጫው ካነሳች በኋላም ሞተሩ እየጮኸ ይቆያል። «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ!» እላታለሁ። ቀስ ብላ ትለቃለች፤ ለውጥ የለም። በአራተኛው ቅዳሜ «እኔ ለመንዳት አልተፈጠርኩም» አለችና ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትታው ክፍሏ ገባች። መኪናውን ያሳየሁት መካኒክ ደግሞ ነድቶ እንኳ ሳያየው «ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ይቀየር» አለኝ።

እኔም እሱም ተሳስተን ነበር። ጥፋቱ የልጅቷም የፍሪሲዮኑም አልነበረም። እርስዎም በማንዋል መኪና የሚነዱ ከሆነ፣ ወይም በቤትዎ መንዳት የሚማር ሰው ካለ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ ወይም ሰው ከመውቀስዎ በፊት ነገሩን ቢያውቁት ይጠቅምዎታል።

ማርሽ ሲቀየር ምን ይሆናል?

እያንዳንዱ ማርሽ ሞተሩን ከጎማው ጋር የሚያገናኝበት የራሱ ልክ አለው። ለምሳሌ አንደኛው ማርሽ 3.5፣ ሁለተኛው 1.9 የሆነ መኪና እንውሰድ። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ እየዞረ ሳለ ወደ ሁለተኛ ከቀየሩ፣ በዚያው ፍጥነት ለመሄድ ዙሩ ወደ 1,600 ገደማ መውረድ አለበት። ዙሩ ሳይወርድ ፍሪሲዮኑን ከለቀቁ ትርፉ ዙር መኪናውን ወደፊት ይገፋዋል። የሚሰማዎት ዝላይ ይኸው ነው።

ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ሲቀይሩ ግን በማርሾቹ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ስለሆነ ብዙም አይሰማዎትም። ልጄም የተቸገረችው አንደኛና ሁለተኛ ላይ ብቻ ነበር። ይህን ያኔ ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልተቆጣኋት።

ዘግይቶ መውረዱ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም

በእግር የሚሠራ የልብስ ስፌት መኪና አይተው ያውቃሉ? ሰፊው እግሩን ቢያቆምም ትልቁ ጎማ ጥቂት ይዞራል። በመኪና ሞተር ጫፍ ላይም ፍላይዊል የሚባል ከባድ ክብ ብረት አለ። ሥራው ሞተሩ ሳይንገጫገጭ እንዲዞር ማድረግ ነው። ክብደቱ በጨመረ መጠን ነዳጅ ሲቋረጥበት ቶሎ አይቆምም። የናፍጣ መኪኖች ላይ ይህ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከበድ ስለሚል ዙሩ ቀስ ብሎ መውረዱ አያስገርምም።

ሁለተኛው ምክንያት ኮምፒውተር ነው። በቀድሞዎቹ መኪኖች ነዳጅ መስጫው ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው በገመድ ነበር። በአሁኖቹ ግን ፔዳሉ ለኮምፒውተሩ መልእክት ይልካል፤ መዝጊያውን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተሩ ነው። አየሩ በአንዴ ቢዘጋ በመስመሩ ላይ የቀረው ነዳጅ በአግባቡ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫ ይወጣል። ይህን ለመቀነስ ብዙ ፋብሪካዎች መዝጊያው ቀስ ብሎ እንዲዘጋ ያደርጋሉ። ኤሲ ሲከፈትም ኮምፒውተሩ ዙሩን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል።

ስለዚህ መኪናዎ ከገዙት ቀን ጀምሮ እንዲህ ከሆነና ጠባዩ ካልተለወጠ፣ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ጋራዥ መሄድ የሚያስፈልገው ጠባዩ ሲለወጥ ነው።

በቤትዎ ይፈትሹት

መጀመሪያ ሞተሩን ያጥፉና የእግር ምንጣፉን ይመልከቱ። ተንሸራቶ ነዳጅ መስጫው ላይ ተደግፎ ይሆናል። ፔዳሉን በእጅዎ ተጭነው ሲለቁት ሳይንቀራፈፍ መመለስ አለበት። ገመድ ባላቸው መኪኖች ገመዱ ሲደርቅ ወይም ሲዝግ ፔዳሉ ይይዛል።

ቀጥሎ መኪናውን ገላጣ ቦታ ላይ ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፤ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ኤሲውን አጥፍተው ዙሩን እስከ 2,500 ያድርሱና ይልቀቁ። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ወርዶ መካኒኮች «ሚኒሞ» የሚሉት ቦታ ላይ፣ ማለትም በብዙ የቤት መኪኖች ከ700 እስከ 900 ባለው ላይ፣ መርጋት አለበት። 1,500 ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ወይም ከፍ ዝቅ ካለ፣ ሞተሩ ያልተፈቀደለት አየር እያገኘ ሊሆን ይችላል። የተለመዱት ምክንያቶች ትሮትል ቦዲው በጥቀርሻ መቆሸሹና የአየር ቱቦ መሰንጠቁ ናቸው።

ፍሪሲዮን ሲያልቅ ምልክቱ ሌላ ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ይጮኻል፤ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። አንዳንዴም የተቃጠለ ነገር ይሸታል። እግርዎን ሲያነሱ ዙሩ መዘግየቱ ብቻውን የፍሪሲዮን ማለቅ ማስረጃ አይደለም። ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ ስላለበት ወጪው ቀላል አይደለም። «ይቀየር» ሲባሉ «በምን አወቁ? አብረን ነድተን እንየው» ማለት መብትዎ ነው።

አነዳድዎን እንዲህ ያስተካክሉ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ የሌላቸው ሞተሮች ጉልበት ያንሳቸዋል። እኛም ዳገቱን ፈርተን አንደኛ ማርሽ ላይ አብዝተን እንረግጣለን። ሜዳ ላይ ግን ዙሩ ከ2,000 እስከ 2,500 ሲደርስ ቢቀይሩ መውረድ ያለበት መጠን ያንሳል። ፍሪሲዮኑን ከመርገጥዎ ትንሽ ቀደም ብለው እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ያንሱ። ሁለተኛውን ካስገቡ በኋላ አንድ ትንፋሽ ያህል ጠብቀው ቀስ ብለው ይልቀቁ። በመሐል እግርዎን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፈው አይንዱ፤ ያለ ጊዜው ይበላል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ላሳስብዎ። እየነዱ ሳለ ነዳጅ መስጫው ተይዞ ሞተሩ ቢያጓራ ፍሬኑን አጥብቀው ይርገጡ፤ ፍሪሲዮኑንም ረግጠው ማርሹን ዜሮ ያድርጉ። ዳር ይዘው ከቆሙ በኋላ ሞተሩን ያጥፉ። መኪናው እየሄደ ቁልፉን አይንቀሉ፤ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ይህን በቤትዎ ለሚነዳ ሁሉ ይንገሩ።

የእኛ መኪናስ? ሌላ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ የተሰነጠቀች ትንሽ የጎማ ቱቦ አሳየኝ። ቱቦዋ ተቀየረች፤ ትሮትል ቦዲው ታጠበ፤ ካምቢዮው ሳይነካ በዚያው ቀን ወደ ቤት ተመለስን። ማታ ለልጄ ነገሩን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳት። «እኔስ ብዬ ነበር፤ እግሬን አንስቻለሁ እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ብላኛለች። አልሰማኋትም እንጂ።

ባለፈው ቅዳሜ አያቷ ቤት ነድታ የወሰደችኝ እሷ ናት። ሁለተኛውን ስታስገባ መኪናው አልዘለለም። እኔም አፌን ይዤ ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ መልካም መንገድ!