መርከቡ ገብቷል?

አጎቴ ቤት፣ ገበዝ ማርያም አካባቢ፣ የማዳበሪያ ጆንያ የማይገባበት ሥራ የለም። በርበሬ ይሰጣበታል፤ የተፈለፈለ በቆሎ ይከተትበታል፤ ዝናብ ሲመጣ እረኛው ልጅ አንዱን ጥግ ወደ ውስጥ አጥፎ እንደ ገሳ ይደፋዋል። ከደጃፉ መደብ ላይ የተነጠፈው ጆንያ ጽሑፉ በፀሐይ ደብዝዟል። «ሞሮኮ» የሚለው ብቻ ይነበባል።

ሰኔ መግቢያ ላይ ልጠይቀው ሄጄ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «መርከቡ ገብቷል?» አለኝ። አጎቴ ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ጅቡቲን ግን ከራዲዮ እየሰማ እንደ ቡሬ ገበያ ለምዷታል።

ጥያቄው የሞኝ አይደለም። ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን የፋብሪካ ማዳበሪያ የምታመጣው ከውጭ ነው። በዶላር ይገዛል፣ ጅቡቲ ይራገፋል፣ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ይደርሳል፣ ከዩኒየን መጋዘን ወደ መሠረታዊ ማኅበራት ይከፋፈላል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የትም ቦታ የሚፈጠር ችግር ሒሳቡ የሚወራረደው አጎቴ ማሳ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር፣ ከሁለት ዓመት በፊት ቶኑ ከ250 ዶላር በታች የነበረው ዩሪያ በዓለም ገበያ ከ900 ዶላር በላይ ወጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። አጎቴ ሁለቱንም ያወቃቸው በአንድ ኩንታል ዋጋ ነው።

ከዋጋው ይልቅ የሚያስጨንቀው ግን ቀኑ ነው። በቆሎ አይጠብቅም። ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር አብሮ መግባት አለበት። ዩሪያው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ይከተላል። ሊሙ የተባለውን የበቆሎ ዘር በውድ ገዝቶ ዳፕ ያጣ ሰው፣ ሐምሌ ላይ ሙሉ መጋዘን ቢከፍቱለት ምን ያደርግበታል? ዘግይቶ መድረስንና አለመድረስን የሚለያቸው የቢሮ ሪፖርት ብቻ ነው። ሪፖርቱ ላይ «ቀርቧል» ይባላል፤ ማሳው ላይ በቆሎው ቢጫ ሆኖ ቀርቷል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ጮኹ። ክረምቱ ሳይወጣ በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ጦርነት መጣ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ውስጥ በደረሰ ጥቃት ከሃያ በላይ ሰው ሞተ። የከተማዋ ስም ትርጉሙ የሰላም መንገድ ነው፤ ያን ሰሞን በመንገዷ መውጣትም መግባትም ጭንቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማዳበሪያው ጅቡቲ ደረሰ ማለት ገበሬው እጅ ደረሰ ማለት አይደለም። መኪናው ይቆማል፣ ሹፌሩ ይፈራል፣ መንገዱ ይዘጋል።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ነፍጥ የያዘ ሁሉ፣ መንግሥትም ሆነ ፋኖ፣ ማዳበሪያና ዘር በጫነ መኪና ላይ እጁን ሊያነሣ አይገባም። ለሌላው ጥያቄ ሁሉ ድርድር ያስፈልጋል። ማዳበሪያና ዘር ግን መደራደሪያም መያዣም ሊሆኑ አይገባም። ሰኔ ያለፈበት ቤት ሚያዝያ ላይ ይራባል፣ የትኛውም ወገን ቢያሸንፍ።

ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር የተፈረመው የጎዴ ማዳበሪያ ፋብሪካ ስምምነት ደስ አሰኝቶኛል። 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚፈስበት፣ ከኦጋዴን ጋዝ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ነው የተባለው። ያዩ ላይ ተጀምሮ የቀረውን የማዳበሪያ ፋብሪካ ያየ ሰው ግን እስኪያልቅ ይጠብቃል። ቢያልቅም የሚያወጣው ዩሪያ ነው፤ የዳፑ ፎስፌት አሁንም ባሕር ተሻግሮ መምጣቱ አይቀርም። ዩሪያውም ቢሆን ከጎዴ ተነሥቶ ቡሬ የሚደርሰው በዚሁ በምንጣላበት መንገድ ነው። የባሕር በር ነገርም እንዲሁ ነው። አንካራም ይሁን ሐርጌሳ ለድርድር የሚሄደው ሰው ሌላውን ወረቀት ሁሉ ይያዝ፣ ግን የዘር ወቅት መቁጠሪያም ከእጁ አይጥፋ። ወደብ ማለት ለእኛ አገር በመጀመሪያ ሚያዝያ ላይ ተራግፎ ግንቦት ላይ ገበሬው ጋ የሚደርስ ጆንያ ነው።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ስለ ሩቢማር አጫወትኩት። የካቲት 2016 ዓ.ም. የየመን ሁቲዎች በሚሳኤል መትተዋት፣ ሁለት ሳምንት ያህል ውኃ ላይ ስትንገላታ ቆይታ ቀይ ባሕር ውስጥ የሰመጠች መርከብ ናት። ጭነቷ የእኛ አልነበረም። ማዳበሪያ ነበር፤ ከ21 ሺሕ ቶን በላይ።

«በኩንታል ስንት ነው?»

«ከሁለት መቶ ሺሕ በላይ፣ አያ።»

ዝም ብሎ ቆየ። ለአንድ ቃዳ መሬት አንድ ጆንያ እያለ ሲያሰላ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ስንት ቃዳ በቆሎ ባሕር እንደገባ ሊነግረኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ሰዎቹስ?» አለኝ። «መርከቧ ላይ የነበሩት ወጡ?»

«ሁሉም ወጥተዋል።»

«ተመስገን» ብሎ እሳቱን ቆሰቆሰ።