ፋርስኛን በአማርኛ በኩል ተማሩት

ፋርስኛ ለጀመራችሁ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰዋስዉን በእንግሊዝኛ በኩል አትዙሩት። በዘር የእንግሊዝኛ ዘመድ ቢሆንም በዓረፍተ ነገር አሠራሩ ለአማርኛ ይቀርባል።

«መን ኬታብ ራ ኻንደም» ማለት «እኔ መጽሐፉን አነበብኩ» ነው። ባለቤት፣ ተሳቢ፣ መጨረሻ ላይ ግስ፤ ልክ እንደኛ! «ራ» የኛዋን «ን» ሥራ ትሠራለች።

ቃላቱም ሁሉም እንግዳ አይደሉም፤ ከዓረብኛ የገቡት «ሳአት» እና «ሄሳብ» ያው ሰዓትና ሒሳብ ናቸው።

የሚያስቸግረው «የ» ነው። «የእኔ መጽሐፍ» ተገልብጦ «ኬታብ ኤ መን» ይሆናል፤ ያቺ «ኤ» ደግሞ ብዙ ጊዜ ትነበባለች እንጂ አትጻፍም። ጊዜያችሁን ለእሷ ስጡ።

«አማርኛ የውጭ ቋንቋ ለመማር ምን ይጠቅማል?» ለምትሉኝ፣ መልሴ ይኸው ነው። የምናውቀውን ቋንቋ መለኪያ እናድርገው።