ማክሰኞ ደረት፣ ረቡዕም ደረት

በዚህ ሳምንት ስለ ልጆች እንቅልፍ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን መርሳ ደርሼ ስለመጣሁ ርዕሱን ቀይሬዋለሁ። ወጣት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ በተለይም ማታ ማታ ከጓሮ የብረት ድምፅ የምትሰሙ፣ ይህችን ጽሑፍ ለልጃችሁ አሳዩልኝ።

የእህቴ ልጅ 22 ዓመቱ ነው። የሚኖረው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው መርሳ ነው። አካባቢው ከወልድያ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፤ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው በመንገድ ዳር የሚደረደረውን ማንጎና ፓፓያ ያውቀዋል። ልጁ የሚተዳደረው መኪና በመጫን ነው። ፍራፍሬ ሲኖር በሣጥን፣ እህል ሲኖር በኩንታል አይሱዙ ላይ ይጭናል። እናቱን የሚረዳው በዚሁ ትከሻው ነው። ማታ ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ጎረቤት ግቢ ገብቶ ክብደት ያነሳል። ክብደቱ የራሳቸው ሥራ ነው፤ ሁለት የቀለም ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልተው በውኃ ቧንቧ ብረት አያይዘውታል። ስንት ኪሎ እንደሆነ ማንም መዝኖት አያውቅም።

እህቴ ደውላ «ሽንቱ ኮካ መስሏል፤ ክንዱን መዘርጋት አቅቶታል» ስትለኝ ወልድያ ነበርኩ። ሌላ ነገር አልጠየቅኋትም፤ «አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው» አልኳት። ከባድ ልምምድ ከተሠራ በኋላ ሽንት ከጠቆረ፣ ጡንቻው ከመጠን በላይ ተጎድቶ ይዘቱን ወደ ደም እየለቀቀ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ኩላሊትን ሊያበላሽ ይችላል። ነገ እስኪነጋ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ልጁ በጊዜ ስለደረሰ በግሉኮስና በዕረፍት ተሻለው። እኔም በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ አገኘሁት። የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ኩላሊቱ አልነበረም። «ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት ካረፍኩ ደረቴ አይጠፋም?» አለኝ።

አይጠፋም። ሁለት ሦስት ሳምንት ያረፈ ወጣት ከጉልበቱ የሚያጣው ጥቂት ነው፤ ያንንም ሲመለስ ቶሎ ያገኘዋል። ደረቱን ስንት ቀን እንደሚሠራ ስጠይቀው ግን መልሱ አጭር ነበር፤ «በየቀኑ»። ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ደረት፣ ረቡዕም ደረት። ለምን ሲባል፣ የሚታየው ደረት ነዋ!

ክብደት ስናነሳ ጡንቻው በዚያው ሰዓት አያድግም፤ እንዲያውም ይጎዳል፣ ይደክማል። የሚያድገው ከዚያ በኋላ፣ ስንበላና ስንተኛ ነው። ከልምምድ በኋላ ጡንቻ ራሱን የሚገነባበት ፍጥነት ከፍ ብሎ የሚቆየው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ያህል ነው። ሕመሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚብሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ስለዚህ አንድን ጡንቻ በደንብ ከሠሩት በኋላ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ማሳረፍ ለአብዛኛው ሰው የሚስማማ ልክ ነው። ይህን ወደ ሳምንት ስንመነዝረው እያንዳንዱን ጡንቻ ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ መሥራት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው ዋና ዋና ጡንቻዎቹን በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን እንዲያሠራ ይመክራል።

በየቀኑ መሥራት ጨርሶ አይቻልም ማለቴ አይደለም። ዋናው ጉዳይ በሳምንት ውስጥ የሚጠራቀመው ሥራ ነው። ጥናቶች እንደሚያሳዩት የሳምንቱ የዙር ብዛት እኩል ከሆነ በሁለት ቀንም ተከፈለ በሦስት በውጤቱ ላይ ብዙ ልዩነት አያመጣም። ለአንድ ጡንቻ በሳምንት 10 ያህል ዙር ጥሩ መጠን ነው፤ ለጀማሪ ግማሹም ይበቃዋል። የእህቴን ልጅ አስቆጠርኩት። በአንድ ምሽት 12 ዙር ደረት ይሠራል፤ በስድስት ቀን 72 መሆኑ ነው። ቁጥሩን ራሱ ሲሰማው ሳቀ።

ሌላም ስህተት አለ፤ ይህኛው ገንዘብ ከፍለው ጂም የሚገቡትን የወልድያ ልጆችም ይመለከታል። «እኔ ጡንቻ እየቀያየርኩ ነው የምሠራው፤ ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ትከሻ፣ ረቡዕ የክንድ ጀርባ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። በወረቀት ላይ ሲታይ ሦስት የተለያየ ቀን ነው። ነገር ግን ተንጋሎ ክብደት ሲገፋ፣ ወይም ፑሽ አፕ ሲሠራ፣ ከደረት ጋር የትከሻው ፊትና የክንዱ ጀርባም አብረው ይገፋሉ። እናም ያ ትከሻ ሦስት ቀን ሙሉ አላረፈም። ጀርባና የክንድ ፊትም እንደዚያው ናቸው፤ ወደ ራስ የሚሳብ ነገር ሁሉ ሁለቱንም ያሠራል። ስለዚህ በጡንቻ ስም ከመከፋፈል ይልቅ የሚገፋውን በአንድ ቀን፣ የሚሳበውን በሌላ ቀን፣ እግርን ደግሞ ለብቻው ማድረግ ይሻላል። ጀማሪ ከሆናችሁ ከዚህም የሚቀል መንገድ አለ፤ መላ ሰውነትን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ መሥራት፣ በመካከሉ ማረፍ።

ጅማትንም አንርሳ። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል፤ ጅማት ግን የሚደርሰው የደም መጠን አነስተኛ ስለሆነ ወራት ይፈልጋል። ብዙ ወጣት «ትከሻዬን ቆረጠኝ» የሚለው ጡንቻው ችሎ ጅማቱ ሳይችል ሲቀር ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልመለስ፤ መርሳ ድረስ የወሰደኝ ነገር እዚህ ላይ ነውና። በኢንተርኔት የሚገኙት የልምምድ ፕሮግራሞች የተጻፉት ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ነው። ኩንታል የሚሸከም፣ ጉድጓድ የሚቆፍር፣ ብሎኬት የሚያቀብል ልጅ ግን ጂም ሳይገባ እግሩንና ጀርባውን ሲያሠራ ውሏል። ሰውነት ይሄ ሥራ ነው፣ ያኛው ስፖርት ነው ብሎ አይለይም፤ ሁለቱንም የሚከፍለው ከአንድ ኪስ ነው። ይህን ስነግረው አጠገባችን ተቀምጠው የነበሩ አንድ ገበሬ ዘመድ ቀበል አድርገው፣ «እኛስ በሬውን ረፋዱ ላይ ፈትተን እናሰማራው የለ? ጠዋት አርሶ ማታ ደግሞ ማን ያሳርሰዋል?» አሉት። እኔ ግማሽ ሰዓት የለፋሁበትን ነገር እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

የእኛ ሯጮችም ይህንኑ ያውቃሉ። እንጦጦም ሆነ ሰንዳፋ የሚለማመድ ሯጭ ከባድ ልምምድ ባደረገ ማግስት ቀለል አድርጎ ይሮጣል። እዚሁ ወልድያ፣ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው በሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ጨዋታ ያደረገ ቡድንም በማግስቱ ሌላ ሙሉ ጨዋታ አይገባም። ክብደት የሚያነሳው ልጃችን ብቻ ነው ማረፍን እንደ ስንፍና የሚቆጥረው።

ከልጁ ጋር ተቀምጠን አዲስ ሳምንት አወጣን። ለእነሱ ጭነት የሚበዛው ሁለት ቀን ነው። እነዚያ ቀናት የእግርና የጀርባ ልምምድ ተብለው ተመዘገቡ፤ በእነዚያ ምሽቶች የሲሚንቶው ብረት አይነካም። ጭነት ከሌለባቸው ቀናት ሁለቱን መርጠን ደረትና ትከሻ አደረግንባቸው፤ በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ቀን እንዲኖር። በእያንዳንዱ ቀን ሦስት ዙር ፑሽ አፕ፣ ሁለት ዙር በብረቱ። እሱም ቢሆን የሚጀመረው ሐኪሙ ሲፈቅድለት፣ ከግማሽ በታች በሆነ መጠን ነው። ትንሽ አኮረፈ። «ይቺማ ምን ትሠራለች?» አለ። በዕድሜው እኔም እንዲሁ ነበርኩና አልተቆጣሁትም።

ከመጠን ማለፉን በምን እናውቃለን ለምትሉ፣ ሕመም ብቻውን ምልክት አይደለም፤ ሁለት ቀን የሚቆይ የጡንቻ ሕመም ያለ ነው። የሚያሳስበው ትናንት ያነሳው ክብደት ዛሬ ሲከብደው፣ ይህም ሳምንት አልፎ ሁለተኛ ሳምንት ሲደግም ነው። ከዚያ ጋር እንቅልፍ ከተበላሸ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሳ የልብ ምቱ ከወትሮው ከጨመረ፣ ያለ ምክንያት የሚነጫነጭ ከሆነ፣ ጉንፋን ከተመላለሰበት ሳምንት ያህል ያሳርፍ። ሯጮችና ሌሎች ስፖርተኞች ይህን ችላ ብለው ለመመለስ ወራት የፈጀባቸው አሉ። ሽንት ከጠቆረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከላይ ያልኩትን አትርሱ።

ምግብን በተመለከተ እናቶች የሚጠይቁኝ ስለ ጾም ነው። በጾም ጡንቻ መሥራት ይቻላል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አተር ለዚሁ ናቸው፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም ፕሮቲን ይዟል። ነገር ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ፣ በባዶ ሆድ ከባድ ክብደት ማንሳት አይገባም፤ ከምግብ በኋላ ይሁን። በረመዳን ደግሞ ትልቁ ጉዳይ ውኃ ነው። እንደ መርሳ ባለ ሞቃት አገር ቀኑን ውኃ ያልቀመሰ ሰው ልምምዱን ከአፍጥር በኋላ ቢያደርገው ይሻላል፤ ዙሩንም ይቀንስ። የእህቴ ልጅም በዚያ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሲጭን ውሎ የጠጣው አንድ ጠርሙስ ውኃ ብቻ ነበር።

ረቡዕ ማታ ደወልኩለት። ሐኪሙ ፈቅዶለት በአዲሱ ሳምንት ከጀመረ ሃያ ቀን ሆኖታል። ፑሽ አፑ በአንድ ዙር ከ18 ወደ 23 ደርሷል፤ ይህን የነገረኝ ሳልጠይቀው ነው። ግራ ትከሻው ግን ሣጥን ከራሱ በላይ ሲያነሳ አሁንም ይቆረጥመዋል፤ ስለዚህ ጓደኞቹ ከመኪናው ላይ ሆኖ እንዲቀበል፣ እነሱ ከታች እንዲያቀብሉት ተስማምተዋል። «ዛሬስ ምን ሠራህ?» አልኩት።

«ዛሬ የዕረፍት ቀን ነው ጋሼ፤ ብረቱንም እማዬ ቆልፋበታለች።»