ከቃለ መጠይቅ በኋላ የሚደረግ ምርጫ

አስተዋይ ነጋዴ ቡና ሲገዛ ናሙናውን ይመለከታል፤ ያስቀምሳል፤ ያስመዝናል። የሻጩን አንደበት ብቻ ሰምቶ ገንዘቡን አይከፍልም። ሠራተኛ በሚቀጥርበት ጊዜ ግን ይህን ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። የሱቁን ቁልፍና የዕለቱን ገቢ ለሚረከበው ሰው የሚደረገው ምርመራ የጥቂት ደቂቃ ጭውውትና የአንድ ዋስ ፊርማ ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሰውን አነጋግሮ መምረጥ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻው ለመረዳት፣ በዚሁ ሥራ ብዙ የደከሙትን የአሜሪካ የንግድ ትምህርት ቤቶች መመልከት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1908 ዓ.ም. የተቋቋመው የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ለኤም ቢ ኤ፣ ይኸውም ለንግድ አስተዳደር የማስተርስ ዲግሪ፣ በየዓመቱ የሚቀበላቸው ተማሪዎች 900 ያህል ሲሆኑ አመልካቾቹ ግን በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። ለቃለ መጠይቅ የሚጠራው ማመልከቻው ተነቦ የተመረጠው ብቻ ነው። ጠያቂውም ጽሑፉን አስቀድሞ አንብቦ ለ30 ደቂቃ ያነጋግረዋል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የቡዝ ትምህርት ቤት ግን ጠያቂው ከአመልካቹ የሥራ ታሪክ በቀር ሌላ ወረቀት አያይም፤ ስለዚህ የፈተናው ውጤት ፍርዱን አስቀድሞ ሊያዘነብለው አይችልም። የዋርተን ትምህርት ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. አመልካቾችን በቡድን አስቀምጦ በአንድ ጉዳይ ለ35 ደቂቃ የማወያየትን ሥርዓት አመጣ። በዚህ ዓይነት ስብሰባ የሚታየው ብዙ የተናገረው ሳይሆን የሌላውን ሐሳብ ሰምቶ ሥራውን ወደ ፊት የሚያራምደው ነው።

የአጠያየቁ መንገድ ቢለያይም ከዚያ በኋላ የሚደረገው ተመሳሳይ ነው። የጠያቂው አስተያየት በጽሑፍ ይሰፍርና ከትምህርቱ ውጤት፣ ከሥራ ልምዱና ከአሠሪው ምስክርነት ጋር ይመዛዘናል። በመጨረሻም አመልካቹ ይገባል፣ በተጠባባቂነት ይቆያል ወይም ይመለሳል። ትምህርት ቤቱ መሐንዲሱንም፣ የባንክ ሠራተኛውንም፣ ወታደር የነበረውንም በአንድ ክፍል ማሰባሰብ ስለሚሻ፣ የተመለሰው ሁሉ ከገባው ያነሰ ነው ማለት አይደለም።

ይህ አሠራር ነቀፋ የለበትም አይባልም። ገንዘብ ያለው አመልካች አሠልጣኝ ቀጥሮ መልሱን ያጠናል፤ አፈ ቅቤ የሆነውም ዝምተኛውን ይቀድመዋል። ቃለ መጠይቁ ብቻውን ፍርድ እንዲሰጥ የማይተወውም ስለዚሁ ነው። ፍራንክ ሽሚት እና ጆን ሃንተር የተባሉ ሊቃውንት የ85 ዓመት ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቦ በሥርዓት የሚደረግ ቃለ መጠይቅ እንደ መጣ ከሚደረግ ጭውውት ይልቅ የሠራተኛውን የወደፊት ውጤት በተሻለ እንደሚያመለክት አሳይተዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለትልቅ ኩባንያ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ለአንድ ሱቅ ባለቤትም ይሆናል፤ ወጪውም አንድ ደብተር ነው። ለሥራው የመጡትን ሁሉ ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ፣ መልሳቸውን በዕለቱ መጻፍ፣ ሁለት ሰዎች ለየብቻ እንዲያነጋግሯቸው ማድረግ፣ የተናገሩትንም ከቀድሞ አሠሪያቸው ቃል ጋር ማስተያየት ይገባል። አሠሪውም በበኩሉ ለሚሰናበተው ሠራተኛ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ፣ «ታታሪና ታማኝ ነው» ከማለት ይልቅ የሠራውን ሥራ በዝርዝር ቢያስረዳ ሠራተኛውንም ቀጣሪውንም ይጠቅማል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በአንድ ቀን ጭውውት የተቀጠረ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ዋስ የጎደለውን ገንዘብ ይከፍል ይሆናል፤ ተቀይሞ የሄደውን ደንበኛ ግን አይመልስም።