የዋጃ መዋዕለ ሕፃናት ስሟ አያት ነው

አዲስ አበባ ላይ ወላጅነት ስልጠና ሆኗል። ሆቴል አዳራሽ ተይዞ፣ ፕሮጀክተር ተሰቅሎ፣ ልጅን ሳይቆጡ ስለማሳደግ ይወራል። የከተማው አስተዳደርም ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን የሚመክሩ ሠራተኞች አሰማርቷል፤ የሕፃናት ማቆያና መጫወቻ ሠርቷል፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቁርስና ምሳቸውን እዚያው ይበላሉ። እሰየው ነው። ጥሩ ሲሠራ ለማመስገን ንፉጎች አይደለንም። ነገር ግን «የኢትዮጵያ ወላጅ» ሲባል ሁሉም ሰው አያት፣ ገርጂ ወይም ሳሪስ የሚኖር የሚመስላቸው ሰዎች እየበዙ ነውና፣ እስቲ ዛሬ ወሬውን ወደ ዋጃ እንውሰደው።

ዋጃን ብዙዎቻችን የምናውቃት በመኪና መስኮት ነው። ከወልድያ ተነስቶ ቆቦን አልፎ ወደ አላማጣ የሚሄድ ሰው ሙቀቱን እየረገመ ያልፋታል። በግራም በቀኝም የማሽላ ሜዳ ነው፤ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳ ማጠጣት የሚያውቅ ገበሬ አገር ነው። በክልል አከላለሉ በትግራይ ደቡባዊ ዞን በራያ አላማጣ ወረዳ ሥር የቆየች ሲሆን፣ ከ2013ቱ ጦርነት ወዲህ ደግሞ ሁለት ክልሎች «የኔ ናት» የሚባባሉበት አካባቢ አካል ነች። የማን ናት የሚለውን ለሚከራከሩት እንተወው። እኛን የያዘን ሌላ ጥያቄ ነው፤ እዚያ ልጅ የወለደ ሰው ማን ያግዘዋል?

«ማንም» ብሎ መልስ መስጠት ቀላል ነው፤ ግን ውሸት ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ወጣት ሴቶችን አሠልጥኖ፣ ደመወዝ ቆርጦ ቀበሌ ለቀበሌ አሰማርቷል። የነፍሰ ጡር ክትትል፣ ወሊድና ክትባት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ቤታቸው ከጤና ጣቢያ የራቀ እናቶች ቀናቸው ሲደርስ መጥተው የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ ተሠርቷል፤ በየወረዳው አምቡላንስ ተሰጥቷል። ውጤቱም ታይቷል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ1992 ዓ.ም. ጤና ተቋም ውስጥ ይወለዱ የነበሩት ሕፃናት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ከመቶ 26፣ በ2011 ደግሞ ከመቶ 48 ደረሱ። በ1992 ከ100 ሺህ ወሊድ 871 እናቶች ይሞታሉ የተባለበት አገር በ2008 ቁጥሩ 412 ሆነ። እነዚህን ቁጥሮች ያመጣችው በእግሯ ዳገት የወጣችው የቀበሌ ልጅ ናት፤ ስታቲስቲክስ ላይ ስሟ የለም እንጂ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ይታጠፋል። መንግሥትም፣ ድርጅትም፣ ማኅበረሰብም የሚረባረቡት ለእናትየዋ ሆድ ነው። ሆዷ ሲጎድል እርዳታውም አብሮ ይጎድላል። ልጁ ክትባቱን ጨርሶ፣ ክንዱ በሜትር ተለክቶ «ደህና ነው» ከተባለ በኋላ ትምህርት ቤት እስኪገባ ያለው ዕድሜ ባለቤት የለውም። የትኛው ቢሮ ነው የሦስት ዓመት ልጅ የሚመለከተው? ጤና ነው? ትምህርት ነው? ሴቶችና ሕፃናት ነው? ሦስቱም በሪፖርታቸው ይጠሩታል፤ ቀን ቀን የሚይዘው ግን የለም። በ2002 ዓ.ም. የመጣው የዜሮ ክፍል (ኦ ክላስ) እንኳን የሚቀበለው ስድስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን ልጅ ነው።

ሕጋችንም ደመወዝተኛ ይወዳል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (1156) ለወለደች ሠራተኛ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለአባትየው ሦስት ቀን። (ሦስት ቀን! ለቅሶ ለመድረስም ያንኑ ያህል ነው የሚሰጡት።) የ2010ሩ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ደግሞ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዟል። ዋጃ ላይ ስንቷ እናት ፔሮል ላይ ትፈርማለች? ማሽላ ለምታርም፣ ሽንኩርት ለምትለቅም፣ ገበያ ቀን ጤፍ ሰፍራ ለምትሸጥ ሴት የወሊድ ፈቃድ የሰጣት አዋጅ የለም። የሰጣት ጎረቤቷ ነው። ገንፎ ይገነፋላታል፣ ውሃ ይቀዳላታል፣ ክርስቲያኗ እስከ ክርስትናው፣ ሙስሊሟ እስከ አርባዋ እንዳትነሳ ትጠበቃለች። ራያ ላይ ገንፎው የሚመጣው ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ሰፈር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጎረቤትም የራሱ አዝመራ አለው።

ለዚህች ሴት መንግሥት ያሰበላት አንድ ነገር ነበር። ብዙ ሰው ስለማያውቀው ጠጋ ብለን እንየው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ራያ ቆቦም ራያ አላማጣም የገባ ፕሮግራም ነው። ጉልበት ያለው የሕዝብ ሥራ ይሠራል፤ እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠግናል፣ ችግኝ ይተክላል። ጉልበት የሌለው በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋል። የፕሮግራሙ ማስፈጸሚያ መመሪያ ነፍሰ ጡሯና የምታጠባዋ ለጊዜው ከሥራው ነፃ ሆና ድጋፏን እንድታገኝ ይላል። ሴቶች ከወንዶች ያነሰ ሰዓት እንዲሠሩም ይላል። የሚገርመው ደግሞ በሥራው ቦታ ላይ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ይላል። ዳስ ይጣል፣ ከሠራተኞቹ አንዷ ልጆቹን ትጠብቅ፣ እሷም እንደ ሠራች ይቆጠርላት ነው ነገሩ። ይቺ ሐሳብ የወጣችው ከአዲስ አበባዎቹ ባለ ሥዕል መዋዕለ ሕፃናት በፊት ነው! አፈጻጸሟ ግን ዳሷ ከመመሪያው ገጽ ብዙም አልወጣችም። እናትየዋ ወይ ሕፃኑን አዝላ ድንጋይ ታቀብላለች፣ ወይ ለስምንት ዓመት ታላቅ እህቱ ትተወዋለች። የስምንት ዓመቷ ልጅ ያን ቀን ትምህርት ቤት አትሄድም። ያን ቀን ብቻ ከሆነም ጥሩ ነበር።

ወይ ደግሞ ለአያት። ወደ ዋናው ጉዳያችን መጣን።

ራያና ሰሜን ወሎ ሳዑዲን ከአዲስ አበባ በላይ ያውቃሉ ብንል አልተጋነነም። በጅቡቲ በረሃ፣ በቀይ ባሕር፣ በየመን አድርጎ የሄደው ወጣት ስንት እንደሆነ ቤቱ ይቁጠረው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙዎቹ እንደገና ዞረው ሄዱ። የሄደው ወንድ ብቻ አይደለም። ወልዳ፣ ጡት አስጥላ፣ ልጇን ለእናቷ ሰጥታ የምትሄድ ሴት አለች። እሷ ጂዳ የሰው ልጅ ታሳድጋለች፤ የእሷን ልጅ ዋጃ ላይ እናቷ ታሳድጋለች። እናቷን ማን ይጦራታል? እንግዲህ ልጁ ሲያድግ!

ወሬው ሁሉ ስለ ሄደችው ነው። ስለ ደላላው፣ ስለ በረሃው፣ ስለ አሠሪዋ ብዙ ተጽፏል፤ እኛም ጽፈናል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት ቢሮዎች ራሳቸው ወደ ሳዑዲ የሚሄዱ የቤት ሠራተኞችን መመዝገብ ጀመሩ። በሕጋዊ መንገድ መሄድ ከበረሃው ይሻላል፤ አንከራከርም። ግን ያ የምዝገባ ፎርም ዕድሜዋን፣ ጤናዋን፣ ትምህርቷን ሲጠይቅ «ልጅሽን ለማን ትተሽ ነው የምትሄጂው?» ብሎ ጠይቆ ለቀበሌዋ ያሳወቀበት አሠራር አላየንም። የምትሄደዋ ተመዝግባለች። የቀረው ልጅና የቀረችው አያት ግን የትም የሉም።

የትም የሉም ስንል ምን ማለታችን ነው? ሴፍቲኔት ሲመለመል አንዱ መለኪያ ከዘመድ የሚገኝ ድጋፍ ነው። አያት «ዓረብ አገር ልጅ አላት» ትባላለች፤ ልጅቷ ለስምንት ወር ደመወዝ ባይከፈላትም መባሉ አይቀርም። ልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ተጀምሯል፤ በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ ይላል። ወላጅ ከሌለ አሳዳጊው ማስመዝገብ ይችላል ቢባልም፣ አያትየዋን አሳዳጊ ናት ብሎ ወረቀት የሰጣት የለም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም መሠረቱ «ቤተሰብ» ነው፤ ካርዱ ላይ የሚሰፍረው የቤቱ አባል ነው። የልጅ ልጅ የማን ቤተሰብ ነው? ወንዝ ማዶ ያለው የአባቱ ወገን ወይስ እዚህ የሚያድርበት ቤት?

ይህን ችግር የፈቱ አገሮች አሉ። ደቡብ አፍሪካ ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምትሰጠው የልጅ ማሳደጊያ ድጎማ የሚከተለው ልጁን ነው፤ ልጁ በማን እጅ እያደገ ነው? ለእሷ ይከፈላል፤ አያት ብትሆንም። እንደ እኛ ሕዝቧን ለሥራ የምትልከው ፊሊፒንስ ደግሞ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባሻሻለችው ሕግ፣ ወላጁ ዝቅተኛ ክፍያ ላለው ሥራ ውጭ ከሄደ የቀረውን ልጅ የሚያሳድግ የቤተሰብ አባል እንደ ነጠላ ወላጅ ተቆጥሮ ድጋፍ እንዲያገኝ አድርጋለች። እነሱ ሀብታም ስለሆኑ ነው የሚል ካለ፣ የእኛ ጥያቄ ለጊዜው ገንዘብ እንኳን አይደለም። ስሟ ይጻፍ ነው።

ስም መጻፍ ራያ ላይ ቀላል ነገር አይደለም። መዝገብ የቀበሌ ነው፣ ቀበሌ የወረዳ ነው፣ ወረዳ የክልል ነው፤ ክልሉ ሲያከራክር ቀሪው ሁሉ አብሮ ይናጋል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በአላማጣና በራያ አላማጣ ዙሪያ በተነሳው ግጭት ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ቆቦና ወደ ሰቆጣ መፈናቀሉን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታውቆ ነበር። ከተፈናቀለው ጋር ካርዱም መዝገቡም አይፈናቀልም፤ የጤና መድን ካርድ የሚሠራው ወረዳው ውል ከያዘበት ተቋም ነው። ምጥ የያዛት ሴት ግን የምትቆጥረው ኪሎ ሜትር ነው። ዋጃ ቆቦም ቅርቧ ነው፣ አላማጣም ቅርቧ ነው። ሁለቱም ሆስፒታል አላቸው። ስለ አስተዳደሩ የፈለጋችሁትን ያህል ተከራከሩ፤ ግን አምቡላንሱ ወደየትኛው እንደሚሄድ የሚወስነው የምጧ ሁኔታ ይሁን። ይህንን ለመስማማት የፌዴሬሽን ምክር ቤት አያስፈልግም፤ ሁለት የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ስልክ ቢደዋወሉ ይበቃል።

አባቶችን ረሳችኋቸው እንዳትሉን። አልረሳናቸውም፤ አገልግሎቱ ነው የረሳቸው። ለነፍሰ ጡር ውይይት አለ፤ ጤና ጣቢያው በር ላይ ልጅ ታቅፎ የተሰለፈ ወንድ ግን ካለ ሰው ይስቅበታል። በራያ ሽማግሌ ተሰብስቦ ደም የሚያስታርቅበት፣ ነፍስ ያጠፋን ከሟች ቤተሰብ የሚያስማማበት ባህል አለ። እንዲህ ያለ ክብር ያለው ጉባዔ አንድ ቀን ተቀምጦ «ልጁን ጥሎ የሄደ አባት ማሽላ ሲገባ ስንት ቁና ይስፈር?» ብሎ ቢቆርጥ ከፍርድ ቤት ቀለብ ይልቅ ይከበራል ብለን እናምናለን። የቤተሰብ ሕጉ ቀለብ ይወስናል፤ ሽማግሌ ግን ያስከፍላል።

ስለዚህ የምንለው ይህን ነው። ጦርነት ያናጋው ሴፍቲኔት ምልመላውን እንደገና ባካሄደ ቁጥር ያቺ ዳስ ከመመሪያው ትውጣ። አራት ግንድ፣ ጥቂት ሳር፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ልጆቹን የምትጠብቅ አንዲት ሴት የሥራ ቀን፤ ከዚህ በላይ አትጠይቅም። እርዳታ ቀንሷል፣ ዩኤስኤይድም በ2017 ዓ.ም. ተዘግቷል ለሚለን ሰው፣ ለዳሷ ዶላር አያስፈልጋትም እንለዋለን። የምልመላ ኮሚቴውም ቤት ለቤት ሲዞር ከሚጠይቀው ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ «እማማ፣ እዚህ ቤት የሚያድረው ልጅ የማን ነው?» መልሱንም እዚያው ይጻፈው።